«ቻለ» እና «በቃ»

«ችሎታ» እና «ብቃት» የሚሉትን ቃላት አንድ አድርገን መናገር ለምዶብናል። ችሎታ የመጣው «ቻለ» ከሚለው ነው። (መከራን መታገስም «መቻል» ይባላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።) ብቃት ግን ከ«በቃ» ነው። በቃ ሲባል ደግሞ «ለምኑ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንድ ጀሪካን ውኃ ለቤት ሻይ ይተርፋል፤ ለተጠማ ግመል አይበቃም።

በአዳይቱ በኩል ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚያልፈውን የከባድ መኪና ሾፌር እንመልከት። መንጃ ፈቃዱ መኪና መንዳት መቻሉን ይመሰክራል። ትራፊክ በሌለበት ሌሊት ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ፍጥነት መቀነስ አለመቀነሱን ግን አይመሰክርም። የመድየኑ አዛውንት ልጅ፣ ሙሳ (ዐ.ሰ) መንጋቸውን ካጠጡላቸው በኋላ፣ አባቷ እንዲቀጥሯቸው ስትመክር ብርታትንና ታማኝነትን አንድ ላይ የጠቀሰችው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ዘንድ የሚብሰው ችግር ግን ሌላ ነው። «ደግ ሰው ነው፣ ሶላቱን አያጓድልም» ብለን መደመርና መቀነስ ለሚቸግረው ሰው የመስጊዱን ገንዘብ እናስረክባለን። አቡ ዘር (ረ.ዐ) እውነተኝነታቸው የተመሰከረላቸው ሶሓባ ነበሩ። ሹመት ሲጠይቁ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሹመት አማና መሆኑን፣ እርሳቸውም ለዚያ ደካማ መሆናቸውን ነግረው አልሾሟቸውም። በዚህ ክብራቸው አልተነካም። እኛ ግን «አትችልም» ማለት ስድብ ይመስለናል። ሒሳቡ ሲጎድል «አልሰረቀም» እንላለን፤ እውነትም አልሰረቀም። ለየቲሞቹ ደብተር የተዋጣው ብር ግን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።