ደዌን የሚሰውር ሰው ማንን ይበድላል?

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ይመክራሉ። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሕመምተኛው ስለ ራሱ ጥቅም ብቻ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ደዌ በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። የጎኑን ውጋት የሚሰውር ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ ይቀራል፤ ኩፍኝን ወይም ኮሌራን የሚሰውር ግን ምንም በማያውቁት ጎረቤቶቹ ሕይወት ላይ፥ ሳያማክራቸው ይፈርዳል። እንግዲህ «የራሴን ሕመም ብሰውር ማንን በደልሁ?» ለሚል ሰው ምን እንመልስለታለን? ሕግስ አንድን ሰው «ከቤትህ አትውጣ» ለማለት ሥልጣን የሚያገኘው ከወዴት ነው?

ሥርዓቱ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን 13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ካህኑ በሰው ቆዳ ላይ የታየውን ምልክት ይመረምራል፤ ነገሩ አጠራጣሪ ቢሆን ሰውዬውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ በሰባተኛውም ቀን ዳግመኛ ያየዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1377፥ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉሳ ከተማ ቸነፈር ካለበት ስፍራ የሚመጡ ሰዎች 30 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ደነገገች። ኋላም ጊዜው ወደ 40 ቀን ስለ ደረሰ ሥርዓቱ «ኳራንቲን» ተባለ፤ ስሙ የወጣው አርባ ከሚለው ቁጥር ነው። በዘመናችን ቀኑ የሚቈጠረው ደዌው በሰውነት ውስጥ ሳይታወቅ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ነው። የኢቦላና የማርበርግ 21 ቀን ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና ወረርሽኝ ከውጭ ሀገር ወደ ኢትዮጵያ ለሚገቡ መንገደኞች የተወሰነው ግን 14 ቀን ነበር። ስለዚህ ተለይቶ የሚቆይ ሰው የሚጠበቅ እንጂ የሚቀጣ አይደለም።

የማስታወቁም ሕግ እንዲሁ ምክንያት አለው። በሀገራችን እንደ ኮሌራና እንደ ኩፍኝ ያሉት ደዌዎች በተጠረጠሩ ጊዜ፥ የጤና ሠራተኛው በ30 ደቂቃ ውስጥ ለበላዩ እንዲያስታውቅ መመሪያ ያዛል። ይህን ያህል መቸኰል ስለ ምን አስፈለገ ቢሉ፥ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ሽፍታው ከመታየቱ አራት ቀን አስቀድሞ ደዌውን ማስተላለፍ ስለሚጀምር ነው። እኛ ባወቅን ጊዜ ደዌው አስቀድሞን ሄዷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚባክነው እያንዳንዱ ቀን ለእርሱ ተጨማሪ መንገድ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ በጎረቤታችን በሶማሊያ ተፈጽሟል። ከኢትዮጵያ ፈንጣጣ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1970 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በመርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረ አንድ ወጣት በዚሁ ደዌ ተያዘ። ደዌው የያዘው ሁለት ሕፃናትን ለጫነ መኪና መንገድ ለማሳየት ጥቂት ደቂቃ አብሮ በመሳፈሩ ነበር። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ቀጥሎም ሽፍታው ቀላል ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ወዳጆቹም እየመጡ ጠየቁት። በመጨረሻ አንድ ነርስ ነገሩን ለሚመለከታቸው አስታወቀ። ሕመምተኛው ተለየ፤ የቀረቡት ሰዎች ተፈልገው ተከተቡ፤ ከእርሱም የተያዘ አንድ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። እርሱም ድኖ፥ በኋለኛው ዘመኑ ሕዝቡ ልጆቹን ከፖሊዮ እንዲያስከትብ ሲመክር ኖረ። እንግዲህ ያን ነርስ አሳባቂ ልንለው እንችላለንን? አሳባቂ የባልንጀራውን ስም ለማጥፋት የሚናገር ነው፤ ይህ ግን የባልንጀራውንም የሕዝቡንም ሕይወት ለማትረፍ ተናገረ። ቃሉን የሚለየው ዓላማው ነው።

ይሁን እንጂ ሰውን እንዲሰውር የሚያደርገው ክፋት ብቻ እንዳይመስለን። አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። የቀን ሠራተኛው 14 ቀን ቢቀመጥ ልጆቹን ማን ያበላቸዋል? ጉሊት የምትሸጠው እናት ደዌው ከቤቷ እንደ ተገኘ ቢወራ፥ ደንበኛዋ ከዳነች በኋላ ይመለስላታልን? እኛ በሩቅ እየጠቈምን፥ በስሟም እየተሳቀቅን፥ «ለምን ደበቀች?» ብለን ብንፈርድባት ከበደሉ ግማሹ የእኛ ነው። መናገርን አደገኛ ያደረግን እኛ ነንና።

ስለዚህ ትእዛዙ የሚያስረው ሁለት ወገን ነው። ሙሴ በምድረ በዳ ሕዝቡን ሲመራ እኅቱ ማርያም በለምጽ ተመትታ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች፤ ሕዝቡም እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ጉዞውን አልቀጠለም። እርስዋ ለሕዝቡ ስትል ተለየች፤ ሕዝቡም ለእርስዋ ሲል ቆመ። ይህንኑ በእንግሊዝ ሀገር በኢያም መንደር እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ1665 ቸነፈር ወደዚያ በገባ ጊዜ፥ ካህኑ ዊሊያም ሞምፐሰን ከቀድሞው ካህን ከቶማስ ስታንሊ ጋር ሆኖ፥ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ከወሰኑ እንዳይወጣ መንደርተኛውን አስማማ። በዙሪያው ያሉትም ሰዎች እህሉን ከወሰኑ ድንጋይ ዘንድ እያኖሩ ይመለሱ ነበር፤ ዋጋው በሆምጣጤ ውስጥ ተነክሮ ይጠብቃቸው ነበር። የካህኑን ሚስት ጨምሮ ወደ 260 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ ጎረቤት መንደሮች ግን ዳኑ። ከውስጥ ያሉት እንዲጸኑ ከውጭ ያሉት እንጀራ ማቅረብ ነበረባቸው።

«ሕመምተኛን መጠየቅ የታዘዝነው አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። አዎን፥ ታዘናል፤ ነገር ግን መጠየቅ ማለት የግድ ከአልጋው ጠርዝ መቀመጥ አይደለም። ምግቡን አብስሎ ከደጃፍ ማኖር፥ ከብቱን መጠበቅ፥ እርሻውን ማረም፥ በስልክ ማጽናናት፥ ይህ ሁሉ ጥየቃ ነው። የንስሓ አባትም በኑዛዜ የሰማውን አይገልጥም፤ ግን «ልጄ፥ ሂድና ለጤና ሠራተኛው ራስህ ንገር፤ ብቻህን እንዳትፈራ እስከ ደጁ እሸኝሃለሁ» ሊለው ይችላል። ምሥጢሩም ይጠበቃል፤ ሕዝቡም ይጠበቃል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ተላላፊ ደዌን የሚሰውር ሰው ባልንጀራውን ይበድላል፤ ደዌውን የገለጠውን ሰው የሚያገልና የሚያስርብ ደግሞ ያንን ሰው ብቻ ሳይሆን፥ ነገ ሊናገር የነበረውን ሌላውንም ዝም ያሰኘዋልና ሁሉን ይበድላል። ሕግ ሰውን ከቤቱ ለማቆየት ሥልጣን የሚያገኘው የብዙዎችን ሕይወት ከመጠበቅ ነው፤ ሥልጣኑም ቅን የሚሆነው ለተለየው ሰው እንጀራውንና ክብሩን ሲጠብቅለት፥ ቀኑም በተፈጸመ ጊዜ በሩን ከፍቶ «እንኳን ደህና መጣህ» ሲለው ነው።