መርምረን እንመስክር

አማኝና አስተዋይ መሆን አብረው ይሄዳሉ ወይ የሚለው ክርክር ቡና በተጠጣበት ሁሉ ይነሣል። አንዱ ወገን ሃይማኖተኛውን አእምሮውን ከጫማው ጋር ደጅ ትቶ የሚገባ አድርጎ ይስለዋል። ሌላው ጥያቄ ያነሣውን ሁሉ ከሃዲ ይለዋል። የሚገርመው፣ ሁለቱም እምነት ጥያቄ አይችልም በሚለው ላይ ተስማምተዋል። እኔ ደግሞ የምጣላቸው በተስማሙባት በዚችው ነገር ነው።

ክርክሩ ቡና ላይ ቢቀር ማንንም ባልጎዳ። የሚጎዳው መድኃኒት ከሚዋጥበት ቤት ሲገባ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን እንጦጦ ማርያም ጸበል ከከረሙት ሕሙማን መካከል፣ በየአዳራሹም እጅ ከተጫነባቸው መካከል፣ «ድኛለሁ» ብለው እንክብላቸውን የጣሉ ነበሩ። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድም እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው ነበር። ምክራቸው ግን ዛሬም ያልደረሰበት ቤት አለ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ከወራት በኋላ የቫይረሱ መጠን ሲለካ «አልታየም» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ወረቀቱ እውነቱን ነው፤ በደሙ ያለው ቫይረስ መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው መጠን በታች ወርዷል። ጨርሶ ግን አልጠፋም። ረጅም ዕድሜ ባላቸው የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ወረቀቱን ይዞ «ድኛለሁ» ሊል መድረክ ላይ የወጣው ሰው እንግዲህ ውሸታም አይደለም። እልል ያለለት ምእመንም አልዋሸም። የቀረው «ይህን ውጤት ያመጣው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጥያቄው ቢነሣ ከእምነቱ የሚጎድል ነገር የለም። እንዲያውም ሰውየው እንክብሉንም ጨምሮ ያመሰግን ነበር።

መጻሕፍቱስ ቢሆኑ መቼ ከለከሉ? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ፈጣሪ ከምድር እንዳስገኘው ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ቁርአን በረመዳን የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ይፈቅዳል። እኛ ግን ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ሳያማክር ኢንሱሊኑን ሲያስቀር «ጽኑ ነው» ብለን እናደንቀዋለን።

አባቶቻችን ሲያምኑ አይመረምሩም ነበር የሚለኝ ካለ ባሕረ ሐሳብ ይማር። የአብነት ተማሪው ዓመተ ዓለሙን ለማግኘት 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ይደምራል፤ በ19 ገድፎ ከተረፈው አንድ ሲቀንስ ወንበሩን ያገኛል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው ይወጣል፤ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ ደግሞ መጥቅዑ። የሁለቱ ድምር 30 መሆን አለበት። ካልሆነ መምህሩ «ጸልይበት» አይለውም፤ እንደገና አስላ ነው የሚለው። የትንሣኤን በዓል የሚያህል ነገር የሚገኘው በዚህ ስሌት ነው፤ ስሌቱ ክህደት ነው ያለም የለም። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም ቢሆን በአንድ ንባብ ላይ ሁለትና ሦስት ሐተታ ጎን ለጎን ይቀመጣል እንጂ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ለተማርነውም ወቀሳ አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጅ እናቱ ጸበል ስትጠጣ ያፌዝባታል፤ ከዚያ መድኃኒቷን ለምን እንደማትወስድ ይገርመዋል። ስድብ እንክብል አያስውጥም። «እማዬ፣ በጸበሉ ዋጪው» ያለ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ሳይንስ የኛ ነው፣ የነሱ አይደለም የሚል ሰውም የቤልጂየማዊውን ቄስ የጆርጅ ለሜትርን ታሪክ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በስሌት ያሳየ ጽሑፉን በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳተመ ካቶሊካዊ ካህን ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የሮማው ሊቀ ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ ደስ ሊለው ይገባ ነበር እንል ይሆናል። ደስ አላለውም። ስሌቱ በራሱ ሚዛን እንዲመዘን፣ እምነቱም በራሱ እንዲቆም ፈለገ። ለእምነቱ ርካሽ ማስረጃ ያልፈለገ ካህን! በየመድረኩ ከምንሰማው ምስክርነት ስንቱ ይህን ጥንቃቄ ይችል ይሆን?

እናም አባቶች፣ ፓስተሮች፣ ሼኮች፤ «ዳንኩ» ብሎ የመጣን ሰው ድምፅ ማጉያ ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ሐኪሙ መልሱት። አንድ ወረቀት አይበቃም፤ መድኃኒት እየወሰደ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ማንም ሰው እምነቱን መድኃኒት በመተው እንዲያሳያችሁ አትፍቀዱ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ፣ አእምሮዋ የታወከውን እኅት አስራችሁ አታቆዩ፤ ጸሎታችሁ ሆስፒታል ድረስ አብሯቸው ይሂድ።

መድኃኒቱን አቁመህ ለመመለስ ያፈርክ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፤ ነገ ጠዋት ክትትል ወደነበራችሁበት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያቆማችሁበትን ጊዜ ሳትደብቁ ንገሯቸው። መድኃኒቱ እንዳለ ይቀጥል ወይስ ይቀየር የሚለውን ለመወሰን ይህን ማወቅ አለባቸው። ጸበሉን ተዉ የሚላችሁ ቢኖር፣ እኔ ያንን አልጠየቅኋችሁም።