አጭር ጸጉር ረጅም የሚሆነው መቼ ነው?

ዞማ ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከአጭር ቁርጥ ተነስቶ ትከሻ እስኪደርስ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈውም አጭርም ረጅምም ለማለት በሚያስቸግር መልክ ነው። ከርዳዳ ጸጉር እኩል ያልሆነውን ጫፉን በጥቅልሉ ይደብቃል። ዞማ ግን የመቀሱን ዱካ ሁሉ ያጋልጣል፦ የፊቱ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የጎኑ ከጆሮ በላይ ወደ ውጭ ይቆማል፣ የማጅራቱ ቀድሞ አንገት ላይ ይተኛል።

ይህ መካከለኛ ሁኔታ ጥንታዊ የፍልስፍና ጥያቄ ያነሣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ኤውቡሊደስ አመነጨው የሚባል እንቆቅልሽ አለ፦ አንድ ዘለላ መነቀሉ ማንንም ራሰ በራ ካላደረገ፣ ዘለላ በዘለላ ሲነቀል ራሰ በራነት ከየትኛው ይጀምራል? እድገትም እንዲሁ ነው፤ የአንድ ቀን ጭማሪ ብቻውን አጭሩን ረጅም አያደርገውም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቲሞቲ ዊሊያምሰን ቁርጥ ያለ ድንበር አለ፣ ሰው ግን የት እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም ይላል። መልሱ አመክንዮን ያድናል፤ በመስታወት ፊት ለቆመ ሰው ግን ብዙም አይፈይድም።

አርስቶትል የተሻለ ይረዳል። ለእርሱ ለውጥ ማለት የመሆን ዐቅም ያለው ነገር፣ ያ ዐቅሙ ገና ሳያልቅ፣ በተግባር ላይ መሆኑ ነው። በዚህ ዓይን በማደግ ላይ ያለ ጸጉር የራሱ ህልውና ስላለው የዛሬ መልኩ የዛሬ እንክብካቤ ይገባዋል። የፊቱ እስኪደርስ የማጅራቱ ብቻ በየጊዜው ይከረከማል፣ የጎኑ በማስያዣ ከጆሮ ጀርባ ይያዛል፣ መስመሩም ወደ ጎን ይከፈላል።