መስኮቱን ማን ይክፈተው?

መስኮት መክፈትና መዝጋት የማን መብት ነው? ጥያቄው ተራ ይመስል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በነቀምቴም ሆነ በደምቢ ዶሎ በክረምት ሌሊት በሽተኛ ያስታመመ ሰው ተራ አለመሆኑን ያውቃል። ነርሷ ትከፍታለች፤ እናት ትዘጋለች። ነርሷ ስለ ንጹሕ አየር ተምራለች፤ እናት ደግሞ «ነፋስ መታው» የሚለውን ቃል ከእናቷ ወርሳለች። የሁለቱም ሙግት ስለ አንድ ሕፃን ሕይወት ነው።

ይህን ሙግት ከሰው አፍ ነጥቆ ለግንብ የሰጠው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራው የእንግሊዝ ሆስፒታል ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክሪሚያ ጦርነት ከተመለሰች በኋላ፣ በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ሆስፒታል አሠራር ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ተነጣጥለው የቆሙ ረጃጅም አዳራሾች፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች እንዲኖሩ አሳሰበች። በ1871 እ.ኤ.አ. በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር የተከፈተው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በዚሁ ሥርዓት ተሠራ። በእንዲህ ያለ አዳራሽ ነፋስ የሚገባው በሽተኛው ተጠይቆ አይደለም፤ ግንበኛው አስቀድሞ ፈርዶበታል።

የሚያስገርመው ፍርዱ በስሕተት ላይ መመሥረቱ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎች በሽታ የሚመጣው ከተበከለና ከሚከረፋ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ማግኘቱን ያስታወቀው ገና በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ከስሕተት የተወለደው መስኮት ግን ትክክል ሆኖ ተገኘ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጣሪያቸው ከፍ፣ መስኮታቸው ሰፋ ያሉት አሮጌ የሆስፒታል ክፍሎች ከአዳዲሶቹ ይልቅ አየር በሚገባ እንደሚመላለስባቸው አሳይቷል። እንግዲህ «ዐዋቂ ስለሆንኩ ላስገድድ» የሚል ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው፤ ዐዋቂው ልክ የሆነው ባላወቀው ምክንያት ነበርና።

አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 እ.ኤ.አ. ወደ ሳዮ፣ የስዊድን ሚሲዮን ሐኪም ደግሞ በ1920ዎቹ ወደ ነቀምቴ ሲመጡ፣ የንጹሕ አየር እምነት ገና ጽኑ ነበር። የጠበቃቸው ሕዝብ በበኩሉ መስኮት በሌለው የሣር ቤት፣ መካከሉ ላይ በሚነድ ምድጃ ብርድን የሚከላከል ነበር። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሐምሌን ሌሊት ያለ እሳት ያደረ ግን እንዲያ አይልም።

በእኔ በኩል መስኮቱ ይከፈት እላለሁ፤ በአዳራሹ የተኛው የእሷ ልጅ ብቻ ሳይሆን የሌላይቱም ልጅ ነውና። ነገር ግን ያስገደዳት ግንብ ሊክሳትም ይገባው ነበር። አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቢኖር ሙግቱ በግማሽ በበረደ! የናይቲንጌል አዳራሽ የተነደፈው ለበሽተኛና ለነርስ ነው፤ ከአርጆ ወይም ከጊምቢ ስንቋን ቋጥራ፣ ጋቢዋን ደርባ የመጣች አስታማሚ በንድፉ ውስጥ የለችም። ማንም ሳያስብላት መጠለያ የሆናት በረንዳው ነው፤ ምግቧን የምታሞቀውም፣ ጎኗን የምታሳርፈውም እዚያው ነው።

ዛሬ አዲስ ሆስፒታል ሲታቀድ ስለ ፎቁ ብዛትና ስለ መስተዋቱ ውበት ሲወራ እንሰማለን። መስተዋቱ ይከፈት እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ እናቲቱ የት ታድራለች ብሎ የሚጠይቅማ ከዚያም ያነሰ።