መጥፋት የተፈቀደለት ሳተላይት

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለዐሥርት ዓመታት የተከመረ ቆሻሻ ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ምድር መጠቀች። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ «እግራችን ሥር ያለውን ክምር ሳንጠብቅ ሰማይ ላይ ምን እንሠራለን?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱን ሳተላይቷ ካነሣችው ምስል መፈለግ ግን አያዋጣም። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 ባነሣችው ምስል አንዲት ነጥብ ጎኑ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ መሬት ትወክላለች። በቆሻሻ ክምር ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ በዚህ አይታይም። ከዚህ የጠራ ምስልም የአውሮፓ ሳተላይቶች በነጻ ይሰጣሉ።

ታዲያ የራስን መሥራት ለምን? ከጠፈር የሚለካ ራዳር የመሬትን የሴንቲ ሜትር እንቅስቃሴ መለየት ይችላል። መረጃው ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ግን መሣሪያው የት እንደሚሳሳት የሚያውቅ፣ አካባቢውንም የሚያውቅ ባለሙያ ሲያነበው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በግዢ አናገኘውም።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ቦብ ትዊግስ እና ጆርዲ ፑግ-ሱዋሪ ኪዩብሳት የተባለውን ትንሽ ሳተላይት የፈጠሩት እንዲህ ዓይነት ሰው ለማፍራት ነበር። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። መጠኑ ወጥ ስለሆነ ሌላ ጭነት በሚያመጥቅ ሮኬት ላይ በትርፍ ቦታ ይሳፈራል፤ ከገበያ በሚገዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችም ይሠራል። ርካሽ ስለሆነ መጥፋት ተፈቅዶለታል። ተማሪዎች ከሠሯቸው ብዙዎቹ ከመጠቁ በኋላ ድምፃቸው ሳይሰማ ቀርቷል። ባትሪው ለምን ደከመ፣ አንቴናው ለምን አልተዘረጋም ብሎ የመረመረው ተማሪ ግን ያገኘው ዕውቀት አብሮት ይኖራል።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህን መንገድ ጀምረውታል። የጋናው ኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጃፓኑ ኪዩሹ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠሩት ጋናሳት-1 እ.ኤ.አ. በ2017፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኪዩብሳት ደግሞ በ2018 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀዋል። እኛም በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከ9 ኪሎ ግራም በታች የምትመዝን ሁለተኛ ሳተላይት በቻይና ሮኬት አምጥቀናል፤ እንጦጦ ላይም መቀበያ ጣቢያ አለን። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገን ከኮልፌ ቀራንዮ ትምህርት ቤቶች የወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኪዩብሳት በገዛ እጁ ገጥሞ፣ በንዝረትና በቅዝቃዜ ፈትሾ፣ ባይሳካለትም ምክንያቱን ጽፎ ለተከታዩ የሚያስረክብበት ሥርዓት ነው።

ለዚህ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደን ውድቀትን እንደ ውርደት መቁጠራችንን መተው ነው። አንድ ሙከራ ከሽፎ ሥራው ከተዘጋ የተከፈለበት ትምህርት ሁሉ ይባክናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪዩብሳት በጀት የሚያጸድቅ ኃላፊ የሁለተኛውንም በዚያው ቀን ያጽድቅ።