ሥርዝ ድልዝ

«ሥርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የሚለውን ማሳሰቢያ በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ወይም በአንድ ቅጽ ግርጌ ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ለዓመታት ሳነብበው ትክክል ነው ብዬ ኖሬአለሁ። ንጹሑ ወረቀት የታመነ፣ የተሠረዘበት የተጠረጠረ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገላብጦብኛል። ምልክት ሳይተው የታረመ መዝገብ ይታመናል ወይ? መዝገብ ጠባቂስ ስሕተቱን ሲያርም፣ ስሕተቱ መኖሩን ጭምር የማጥፋት መብት አለው ወይ? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ መጽሐፍ ሳይሆን የገዛ ጣቴ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለት ኮምፒዩተር ተገዛና የሠራተኞች የግል ማኅደር ሁሉ ወደ ዲቤዝ እንዲገባ ታዘዘ። አራት ሆነን ከፋይሉ እያነበብን መጻፍ ጀመርን። ለትውልድ ዘመን በተከፈተው ቦታ ቀን፣ ወርና ዓመት በቁጥር ይሞላል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ ጥቅምት 30 ብለን ስንጽፍ «ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም» ብሎ ይጮኻል። ጥቅምት 29 በአንዳንዱ ዓመት ያልፋል፣ በአንዳንዱ አያልፍም። ጳጉሜንማ ጨርሶ አትታሰብም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ማሽኑ ዘንድ የለም።

አለቃችንን ብንጠይቅ «አቅራቢያውን ሙሉት» አሉን። ሞላነው። ጥቅምት 30 የተወለደው ጥቅምት 28 ተወለደ። በጳጉሜን የተወለደው ሁሉ መስከረም 1 ቀን ተወለደ። ከእነዚህ አንዱ የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ሾፌር ነበሩ። በወረቀታቸው ላይ ጳጉሜን 3 ቀን 1942 ዓ.ም. ይላል፤ እኔ 1/1/1943 ብዬ ጻፍኩ። የሦስት ቀን ለውጥ ናት። ዓመቱም አብሮ መለወጡን ልብ አላልኩም፤ ብልም ኖሮ የምጨነቅ ሰው አልነበርኩም። ሥራው ሲያልቅ ማኅደሮቹ «ከእንግዲህማ ኮምፒዩተር ገብተዋል» ተብለው በጆንያ ታስረው ወደ ጋራዡ መጋዘን ወረዱ።

በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት ከለቀቅሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እኒያ ሾፌር ቤቴን አጠያይቀው መጡ። የጡረታቸው ጉዳይ ቆሟል። የድሮው የሥራ መታወቂያቸው 1942 ይላል፤ ከኮምፒዩተሩ የወጣው ወረቀት 1943 ይላል። ዕድሜን መቀነስ በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ማጭበርበር ነውና ነገሩን እንዲያጣራ የተሰየመው ኮሚቴ «አንድ ዓመት ለማትረፍ ከመዝገብ ቤት ሰው ጋር ተመሳጥረዋል» ብሎ ጠርጥሯቸዋል። በአገልግሎት ዘመናቸው አንዲት ሊትር ቤንዚን ጎደለባቸው ተብሎ የማያውቁ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ እናቴ በሩፋኤል ዕለት ነው የወለደችኝ። መስከረም 1 ያደረገኝ ማነው?» አሉኝ።

«አላስታውስም ጋሼ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። ሩፋኤልን ሲጠሩ ያን ቀን፣ ያን ወንበር፣ ያን የሚጮህ ማሽን አስታውሼ ነበር። ሻያቸውን ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ውሸቱ ብቻ አልነበረም፤ ውሸቱ እንዴት እንዲህ ቀላል እንደሆነልኝም ጭምር ነው። ለምን እንደቀለለ ሳስብ አንድ ነገር ታየኝ። በድሮው ባሕር መዝገብ የጻፍኩት ቢሆን ኖሮ ለመካድ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር። እዚያ ስሕተት የሚታረመው በአንድ ቀጭን መስመር ነው። የተሠረዘው ቃል እንዲነበብ ይተዋል፣ ትክክለኛው ከላይ ይጻፋል፣ ጠርዙ ላይ የአራሚው ፊርማና ቀኑ ይሰፍራል። በኮምፒዩተሩ ላይ ግን 1/1/1943 ከመባሉ በፊት ሌላ ነገር ተብሎ የሚያውቅ አይመስልም። የማን እጅ እንደሆነም አይናገርም። እንዲያውም አራታችን የምንገባው በአንድ የይለፍ ቃል ነበር፤ እሱም እንዳይረሳ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ነበር። ለሁሉም የሆነ ቁልፍ የማንም ፊርማ አይደለም።

ወረቀትን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምለው። «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚባለውን መልስ፣ ጠፋ የተባለው ፋይል እጅ ከተዘረጋ በኋላ በተአምር ሲገኝም አይቻለሁ። ገጹ ተገንጥሎ የወጣ ማኅደር፣ አይጥ የበላው፣ ጣሪያ ያፈሰሰበት ስንት አለ! ኮምፒዩተር የአንድን ሰው ጉዳይ በደቂቃ ያወጣል፤ እርግጥ ፀሐይን በፀሐዩ ፀ መዝግቦ በጸሎቱ ጸ ለሚፈልግ አያወጣም፣ ይህ ግን የሚስተካከል ነገር ነው። ቅጂውም ሌላ ሕንፃ ውስጥ ከተቀመጠ ከእሳትና ከሌባ ይተርፋል። ዳሩ ግን መዝገብን መጠበቅ ማለት ከእሳትና ከሌባ መጠበቅ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ከጠባቂው ከራሱ የሚጠብቀው ማነው? የተበላሸ መዝገብ በሦስት ቅጂ ቢቀመጥ ሦስት ጊዜ የተበላሸ ነው።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ጣጣ እንዳይመስለን የእንግሊዝን የፖስታ ቤት ጉዳይ እናንሣ። ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው «ሆራይዘን» የሚባል የሒሳብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ ተተከለ። ኮምፒዩተሩ «ገንዘብ ጎድሏል» ባለ ቁጥር ቅርንጫፉን የያዙት ሰዎች ሌባ ተባሉ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤት ንብረታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የአገሩ ፍርድ ቤቶች ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ኮምፒዩተር በትክክል ሠርቷል ብለው ይገምቱ ነበር። ፖስታ ቤቱም የቅርንጫፍን ሒሳብ ከሩቅ ሆኖ መንካት አይቻልም እያለ ኖሮ ኋላ ላይ መቻሉን አመነ። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱ እንከን እንደነበረበት ወሰነ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። እኔን የሚያስደነግጠኝ የማሽኑ መሳሳት አይደለም፤ የማይሳሳት የለም። ከሩቅ የሚገባ እጅ እያለ እጁ አለመታየቱ፣ ባለመታየቱም ሰው ከመዝገብ ያነሰ መታመኑ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ የደርግን ጽሕፈት ቤቶች አስባለሁ። የግድያ ውሳኔዎች ሳይቀሩ በፊርማና በማኅተም ተጽፈው፣ በፋይል ተቀምጠው ተገኙ። በ1999 ዓ.ም. በባለሥልጣኖቹ ላይ ለተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ ማስረጃ ከሆኑት ውስጥ እነዚያ ወረቀቶች ይገኙበታል። ፋይሉን በተራ ያስቀመጠው ጸሐፊ ስለ ፍትሕ አስቦ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ልማዱ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራለት «ታዲያ ሰው ጥፋቱ ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ነው?» ብሎ ተቃወመኝ። ቁም ነገር አለው። በጎረምሳነቱ አንድ ጊዜ ደመወዙ የተቀጣ ሰው ያ ወረቀት በጊዜ ብዛት ይበሰብስለት ነበር፤ ኮምፒዩተር ግን መበስበስን አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ባለጉዳዩ መረጃው እንዲታረምለትና እንዲሠረዝለት የመጠየቅ መብት መስጠቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምሕረትና ክህደት ይለያያሉ። የሰውየውን ቅጣት ከዓይን መሰወር ምሕረት ነው። እኔ የሠራሁትን ስሕተት ከመዝገቡ መሰወር ግን ለራሴ የማደርገው ውለታ እንጂ ለማንም ምሕረት አይደለም። ዳታቤዝን አሮጌውን ሳያጠፋ አዲሱን እንዲጨምር፣ ማን፣ መቼና ለምን እንደለወጠው እንዲይዝ አድርጎ መሥራት የታወቀ ሙያ ነው። ደህና የሒሳብ ሠራተኛ ድሮም የተሳሳተውን ቁጥር አይፍቅም፤ ማስተካከያውን በሌላ መስመር ይመዘግባል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲታጣ የጎደለው ገንዘብ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ስሙ እንዲታወቅ የሚፈልግ ሰው ጭምር ይመስለኛል። እኔም አልፈለግሁም ነበር።

በሳምንቱ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የለወጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። «ማስረጃህ ምንድን ነው?» አሉኝ። አልነበረኝም። እንዲያውም ተመሳጣሪው በእግሩ መጣ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። በመጨረሻ ጆንያዎቹ እንዲፈተሹ ስለለመንኩ ከአንድ ተላላኪ ጋር ሁለት ቀን ጋራዥ ውስጥ አቧራ ስንጠጣ ቆይተን የሾፌሩን የቅጥር ቅጽ አገኘነው። ያነበብኩት ያው ወረቀት ነው፤ በ1989 ዓ.ም. ግን ያላስተዋልኩት ነገር ነበረበት። መጀመሪያ «ጳጉሜን 2» ተብሎ ተጽፎ በአንድ መስመር ተሠርዟል፤ ከላይ 3 ተብሏል፤ ጠርዙ ላይ ፊርማና ቀን አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «ይኼማ የድሮ ሰው እጅ ነው» አለና ለባልደረቦቹ አሳለፈው። ከዚያ ወዲያ ስለ ማጭበርበር ያነሣ አልነበረም።

ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠችው ወጣት መዝገቡን ልታርም ስትል ጳጉሜን አሁንም አልገባ አለቻት። «አቅራቢያውን ልሙላው?» ብላ ጠየቀች። ዓመቱ እንዳይዛባ ነሐሴ 30 ቀን 1942 ዓ.ም. ተብሎ ገባ፤ ስለ ለውጡም በወረቀት ቃለ ጉባኤ ተይዞ ከቅጹ ጋር ተያያዘ። ሾፌሩ መነጽራቸውን አድርገው ቃለ ጉባኤውን እስከ መጨረሻው አነበቡትና «ሩፋኤልን በሦስት ቀን ቀደምኩት በሉኛ!» ብለው እየሳቁ ፈረሙ።