በትምህርት ቤቱ በር አመስግናችሁ አትመለሱ

ልጆቼ፣ ይህን የምላችሁ እዚህ በሱዳን፣ በገዳሪፍ፣ በባሱንዳና በዙሪያዋ፣ ከድንበሩ ማዶም በኢትዮጵያ በመተማና በቋራ፣ የማይሰማ፣ የማያይ፣ የማይራመድ ወይም ነገር ቶሎ የማይገባው ልጅ ለምታሳድጉ ወጣት ወላጆች ነው። መካሪ መጀመሪያ የራሱን ጥፋት ቢናገር ይሻላልና ከራሴ እጀምራለሁ።

ከቋራ በኩል ተሻግሬ እዚህ በሰሊጥ እርሻ ስኖር፣ የበኩር ልጄ በሕፃንነቷ ብርቱ ትኩሳት ይዟት መስማት አቆመች። ሰባት ዓመት ሲሞላት እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ያገኘኋቸው ሰው ክፉ አልነበሩም። ልጅቷን አይተው «እኔ ይህችን የት አስቀምጣታለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተመለስኩ። አመሰገንኩ፣ ልጆቼ! ልጄን ከትምህርት ያስቀረውን ቃል አመስግኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የዚያን ዓመት መኸር ነጋዴ መጥቶ ሰሊጥ ሲመዝን ልጄ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አንድ ጆንያ ተመዝኖ በወረደ ቁጥር አንዲት ጠጠር ከፊቷ ታኖራለች። ማንም አላዘዛትም። ነጋዴው «ዐሥራ አንድ» ብሎ ሒሳቡን ሊዘጋ ሲል ልብሴን ጎተተችና ጠጠሮቿን አሳየችኝ። ዐሥራ ሁለት ነበሩ። ጆንያዎቹን መልሰን ቆጠርን፤ ዐሥራ ሁለት ሆኑ። ሰው ሁሉ አደነቀ፣ እኔም ኮራሁ። ሆኖም ጠጠሮቿን ይዤ ወደዚያ በር ዳግመኛ አልሄድኩም። ዛሬ እሷም የልጅ እናት ናት። ልጇ ሲታመምባት የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። የእኔ ዓይን ደግሞ ደክሟል። ሁለታችንም ጽሑፉን እያገላበጥን የሚያነብልን ሰው እንፈልጋለን።

እናንተ እንዲህ እንዳትሆኑ ነው የምመክራችሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ የምትጠይቁት ምጽዋት እንዳይመስላችሁ። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቋል። በ24ኛው አንቀጹ ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ያዛል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀውታል። ስለዚህ ከድንበሩ ከወዲህ ብትቆሙ ከወዲያ፣ ሁለቱም መንግሥታት ቃል የገቡላችሁ ነገር አንድ ነው። በስደት ለምትኖሩትም የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 22 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ስደተኛው ከአገሬው ልጅ እኩል እንዲታይ ይላል።

ሕግ ግን የሚያስታውሰው ሰው ይፈልጋል። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት ለዚህ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አስቡ። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ። ቤት አልዘጉበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በጥቂት ልጆች ጀመሩ። የልጃቸውን ነገር በአደባባይ ስለተናገሩ፣ ሰው እርግማን ይለናል ብለው ልጃቸውን የደበቁ እናቶች እየመጡ አለንልሽ አሏቸው። ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም፤ በአገራችን ስለ ኦቲዝም በግልጽ መነጋገር የተቻለው ግን እንደ እሳቸው ባሉ እናቶች ድፍረት ነው። በአሜሪካም ቢሆን እንዲሁ ነበር። በፔንሲልቬንያ ግዛት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 መንግሥትን ከሰሰ። ከአራት ዓመት በኋላ በአገሪቱ ሁሉ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የትምህርት ቤት በር የሚከፍተው ሕግ ወጣ። መነሻው ልጃቸው የተመለሰባቸው እናትና አባት ናቸው።

«ቢማርስ ምን ይሆናል?» የምትል አባት ካለህ ደግሞ የትነበርሽ ንጉሤን ላንሳልህ። ወሎ ውስጥ በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ቤተሰቧ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላካት። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ያን ጊዜ ከወሎ ሻሸመኔ ድረስ ዓይነ ስውር ሕፃን መላክ ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስቡት።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? በመጀመሪያ ልጁ ይታይ። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ዓይኑን፣ ጆሮውን አስመርምሩ። «ደንቆሮ ነው፣ ሰነፍ ነው» የተባለ ስንት ልጅ በሽታው የሚመግል ጆሮ ወይም ትራኮማ ሆኖ ተገኝቷል። በስደተኛ መመዝገቢያ ስትቀርቡም ጉዳቱን አትሸሽጉ። ቤተሰብ ሲመዘገብ የልጁ ልዩ ፍላጎት አብሮ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ያልተናገራችሁት ልጅ በወረቀቱ ላይ እንደ ጤነኛ ተቆጥሮ ያልፋል፤ የሚፈልገው ነገር ሲታደልም ስሙ አይጠራም።

ቀጥሎ፣ የምትጠይቁትን በስሙ ጠይቁ። «ልጄን እርዱልኝ» ካላችሁ «እናስብበታለን» ይሏችኋል። የማይሰማ ልጅ ከፊት እንዲቀመጥ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እንዳይናገር ጠይቁ። ጥቂት ለሚያይ ልጅ ሰሌዳው ላይ ጎላ ተደርጎ እንዲጻፍለት፣ ፈተናውም እንዲነበብለት ጠይቁ። ለማይራመድ ልጅ መወጣጫ ይሠራ በሉ፤ ሁለት ጋሪ ድንጋይና ግማሽ ቀን ጉልበት ይበቃዋል፣ ጉልበቱንም ራሳችሁ አምጡ። ያ የአካል ጉዳተኞች ስምምነት ይህን «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይለዋል። መምህሩም ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ይዞ የሚደክም ሰው ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ከነገራችሁት አብዛኛውን ጊዜ ያደርገዋል። ልጁ የሚችለውንም ነገር አሳዩት። እኔ ጠጠሮቹን ይዤ ብሄድ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

የማይሰማ ልጅ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የምልክት ቋንቋም እንደ አፍ ቋንቋ ከአገር አገር ይለያያል። የኢትዮጵያው የጣት ፊደል የራሳችንን ሀሁ ይከተላል፤ የሱዳኑ ምልክት ሌላ ነው። ነገ የት እንደምትኖሩ ተመካከሩና በአንዱ ቶሎ አስጀምሩት። ከሁለቱም ቀርቶ ያለ ቋንቋ ማደጉ ነው ክፉው።

ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ። እኔ ብቻዬን ስለነበርኩ አንድ ቃል በቃኝ። አረምና አጨዳ ሲደርስ ወንፈል ትገቡ የለ? ለዚህም ወንፈል ግቡ። በክረምት ይህ ጥቁር ዋልካ ሲጨቀይ ክራንች ይሰምጣል፣ ተሽከርካሪ ወንበርም አይሄድበትም። ዛሬ የአንቺ ባል ልጆቹን በአህያ ጋሪ ያድርስ፣ ነገ የጎረቤትሽ ወንድም ያድርስ። አቤቱታ ሲኖርም ሦስት አራት ወላጆች አብራችሁ ቁሙ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ዐረብኛ ተናጋሪውም። ዐረብኛ የሚጽፍ ሰው ፈልጉና ቀን ያለበት ማመልከቻ አስገቡ፤ ቅጂውን ቤት አስቀምጡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ደጅ መጥናት ካለባችሁም በወረቀት ጥኑ። የቃል እምቢታን ማንም አያስታውሰውም።

«ጦርነቱ ይለፍ» የሚላችሁም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ሱዳን እየነደደች ነው፤ በገዳሪፍም ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነው ነበር። በወዲያኛው ወገንም በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ይህ እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፣ በሰላሙም ጊዜ «መጀመሪያ ጤነኞቹ ይማሩ» ይባል ነበር። ጥላ ሥር ሰሌዳ ተሰቅሎ ለሌሎች ልጆች ትምህርት ከተጀመረ የናንተም ልጅ በዚያው ቀን እዚያ ይቀመጥ። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ጉዳቷን ምክንያት አድርጋችሁ ውኃ መቅዳትና እንጨት ለቀማ ላይ አታስቀሯት።

የምዝገባው ቀን ሲደርስ ልጃችሁን አጥባችሁ፣ ያላችሁን ንጹሕ ልብስ አልብሳችሁ፣ እጁን ይዛችሁ ሂዱ። በሩ ላይ የሚቆሙትን ሰው በአክብሮት ሰላም በሏቸው፤ ከእሳቸው ጋር ገና ብዙ ዓመት አብራችሁ ትሠራላችሁና። «እኔ ይህችን የት አስቀምጣታለሁ?» ያሏችሁ እንደሆነ እኔ ያጣሁትን መልስ ስጧቸው፦ «ከፊት ያስቀምጡልኝ ጌታዬ፤ አፍዎን ከምታይበት።» እስክትቀመጥም ከዚያ አትነሡ።